ጅማ ላይ ካሉት ኢ-ሪደሮች ለአማርኛ የሚሻለው ስክሪን የትኛው ነው?

አጂፕ_ሰፈር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ላይ ሦስት ያገለገሉ ኢ-ሪደሮች (የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያዎች) ለሽያጭ ቀርበዋል፤ አንዱ የ2019 ተራ ኪንድል፣ ሁለተኛው የ2018 ኪንድል ፔፐርዋይት፣ ሦስተኛው ኮቦ ሊብራ 2። ሻጮቹ ሁሉም «ስክሪኑ ወረቀት ነው» ይላሉ፤ ዋጋቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የሚነበበው በአብዛኛው አማርኛ ነው፤ ግማሹ ኢፐብ (ፊደሉ እንደ ስክሪኑ የሚስተካከል የመጽሐፍ ፋይል)፣ ግማሹ ከመጽሐፍና ከሞጁል የተነሣ የኤ4 ፒዲኤፍ። ስክሪናቸው በእርግጥ ያን ያህል ይለያያል? የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ይለያያል እንጂ፤ ለአማርኛ ደግሞ ልዩነቱ ከእንግሊዝኛው ይብሳል። በቁጥር ላሳይሽ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የ2019 ተራ ኪንድል 6 ኢንች ላይ ያለው 600 በ800 ፒክስል ነው፤ በአንድ ኢንች ሲሰላ 167 ይሆናል፤ ፒፒአይ የሚሉት ይህን ነው። ፔፐርዋይቱ በዚያው 6 ኢንች ላይ 1072 በ1448 ስላለው 300 ፒፒአይ ይደርሳል። ሊብራ 2 በ7 ኢንች 1264 በ1680 ነው፤ እሱም 300። እንግዲህ በ10 ነጥብ፣ ማለትም በፎንት መጠን 10፣ የተጻፈ ፊደል ውሰጂ። 167 ላይ ለፊደሉ ቁመት የሚደርሰው 23 ፒክስል ገደማ ነው፤ 300 ላይ 42።

23 ፒክስል ለላቲን ፊደል ይበቃል። የእኛው ግን በዚያች ቁመት ውስጥ ቀለበት፣ እግርና የአናት ሰረዝ ማስገባት አለበት። መጀመሪያ የምትጠፋው ቀለበቷ ናት፦ ኪ እና ኬ፣ ሊ እና ሌ፣ ቢ እና ቤ። 167 ላይ ፎንቱን ስታሳንሺ የኬ ቀለበት ውስጧ ይሞላና ድፍን ነጥብ ትሆናለች፤ ያኔ ከኪ እግር አትለይም። ቀጥሎ የሚሄደው የአናቱ ሰረዝ ነው፤ ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ዘ እና ዠ ይቀላቀላሉ። ጯ እና ጿንማ ተዪያቸው። ሰው ቃሉን ከአረፍተ ነገሩ እየገመተ ያልፋል፤ ከሰዓት በኋላ ዐይን የሚዝለው በዚህ ግምት ነው።

መሸሻው ፎንቱን ማሳደግ ነው። 14 ነጥብ ሲሆን 167 ላይ 32 ፒክስል ይገኛል፤ ቀለበቷም ትመለሳለች። ግን 6 ኢንች ስክሪን ላይ አንድ መስመር አራት አምስት ቃል ብቻ ይይዝና ገጽ መግለጡ ይሰለቻል። ባለ 212 ፒፒአዮቹ፣ ማለትም ኮቦ ኒያና የ2012 እና የ2013 ፔፐርዋይቶች፣ መሀል ላይ ናቸው፤ በ12 ነጥብ ያስኬዳሉ። ለአማርኛ ኢፐብ ከ300 በታች አልመክርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የ2022 ተራ ኪንድል 300 ፒፒአይ ነው፤ ሻጭ ግን ሁለቱንም «ተራው ኪንድል» ነው የሚላቸው። የቻርጅ ቀዳዳውን እዪ። የ2019ኙ የድሮው ማይክሮ ዩኤስቢ ነው፤ የ2022ቱ ታይፕ ሲ።

ቁቤ_ብቻ፦
ለአፋን ኦሮሞ 167ቱም አያሳማም፤ በቁቤ ስለሚጻፍ ተጨማሪ ፎንት እንኳ አይጠይቅም። ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነብ ሰው ግን ሲፈትሽ በአማርኛው ይፈትሽ።

መብራት_የለም፦
ጋሼ ፊደል ቆጣሪ ስለ ፒፒአይ ያሉት ልክ ነው፤ ግን እዚያ ላይ ቢቆም ጎደሎ ይሆናል። ሁለት ባለ 300 ስክሪኖች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ነጣ ብሎ ሌላው አመድ የሚመስለው በፒክስል ብዛት አይደለም።

ስክሪኑ ውስጥ በዐይን የማይታዩ ደቃቅ እንክብሎች አሉ። በየእንክብሉ ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ነጭና ጥቁር ብናኞች ይንሳፈፋሉ፤ ነጩ ወደ ላይ ሲሳብ ነጭ፣ ጥቁሩ ሲሳብ ጥቁር እናያለን። ፓኔሉን የሚያመርተው ኢ-ኢንክ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ኪንድልም ኮቦም የሚገዙት ከእሱ ነው። ፐርል የሚባለው ትውልድ በ2010 ወጣ፣ ካርታ በ2013፣ ካርታ 1200 ደግሞ በ2021 ምርቶች ላይ መታየት ጀመረ። ኩባንያው የካርታ ኮንትራስት (የጥቁሩና የነጩ ልዩነት) ከፐርል 50 በመቶ፣ የካርታ 1200 ደግሞ ከቀደመው ካርታ 15 በመቶ ይበልጣል ይላል። ያው የሻጭ ቁጥር ነው። በዐይን ሲታይ ከፐርል ወደ ካርታ ያለው ዝላይ ወዲያው ይታወቃል፤ ከካርታ ወደ ካርታ 1200 ያለው ግን ጎን ለጎን ካልተቀመጠ አይለይም። ሊብራ 2 ካርታ 1200 ነው።

ከፓኔሉ በላይ ያለውም ይቆጠራል። የ2018 ፔፐርዋይት ፊቱ ከጠርዙ ጋር እኩል የሆነ ለጥ ያለ ስክሪን ነው፤ ይህ የሚገኘው ከላይ አንድ ተጨማሪ ሽፋን በማልበስ ነው። ሽፋኑ ጥቁሩን በትንሹ ያደበዝዘዋል፤ መስኮት ፊት ሲቀመጡም ነጸብራቅ ያመጣል። ሊብራ 2 ስክሪኑ ከጠርዙ ገባ ያለ ነው፤ ፊደሉ ለላዩ ቀርቦ ይታያል፤ ጥጋጥጉ ላይ ግን አቧራ ይሰበሰባል። እኔ አቧራውን እመርጣለሁ፤ በብሩሽ ይወጣልና።

ብርሃኑስ? እነዚህ ስክሪኖች እንደ ስልክ ከኋላ አይበሩም። ጠርዝ ላይ የተደረደሩ ኤልኢዲዎች ከላይ በተነጠፈ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ ብርሃን እየለቀቁ ገጹን ያበሩታል። አምፖሎቹ ሲያንሱ ጠርዙ ላይ የብርሃንና የጥላ መስመር ይታያል። የ2019 ተራ ኪንድል 4 አለው፣ የ2018 ፔፐርዋይት 5፣ የ2021 ፔፐርዋይት 17። ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ከሦስቱ ያለው ሊብራ 2 ብቻ ነው። መብራት በሄደ ቁጥር በስክሪኑ ብርሃን ብቻ ለሚያነብ ሰው ይህ ከ15 በመቶ ኮንትራስት ይልቅ ይጠቅመዋል።

አጂፕ_ሰፈር፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ መብራት የለም አንተም። እንግዲህ ተራው ኪንድል ከምርጫው ወጥቷል። የኤ4 ፒዲኤፉስ ጉዳይ? ፔፐርዋይቱና ሊብራው ሁለቱም 300 ከሆኑ አንድ ነው ማለት ነው?

ኪቶ_ፉርዲሳ፦
አንድ አይደለም፤ ፒዲኤፍ ላይ የሚወስነው ስፋት ነው። በማስመሪያ እናስላው።

የኤ4 ወርድ 210 ሚሊ ሜትር ነው። የ6 ኢንቹ ፔፐርዋይት ስክሪን ወርዱ 91 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ገጹ ሙሉውን ሲገባ ወደ 43 በመቶ ይወርዳል። ሞጁሉ በ12 ነጥብ ከተጻፈ ስክሪኑ ላይ 5 ነጥብ ሆነ ማለት ነው። 300 ፒፒአይ ቢሆንም ይህ የመድኃኒት ማሸጊያ ላይ እንዳለው ጽሑፍ ነው። ሊብራው 107 ሚሊ ሜትር አለው፤ 51 በመቶ፣ 6 ነጥብ። እሱም ሙሉ ገጽ ላይ አያስነብብም።

ለውጥ የሚያመጣው ህዳጉን መቁረጥና ስክሪኑን ማጋደም ነው። ከግራና ከቀኝ 20 ሚሊ ሜትር ህዳግ ሲቆረጥ የጽሑፉ ወርድ 170 ይሆናል። አጋድመሽው ስታነቢ ፔፐርዋይቱ 12 ነጥቡን ወደ 8.7 ያመጣዋል፤ ይነበባል፣ ግን ዐይንን ያዝ ያደርጋል። ሊብራው 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ይህ እንደ መጽሐፍ ነው። አንዱ ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች እየተገፋ ይነበባል፤ ከዚህ ውጭ ችግር የለውም። ሞጁል ዋናው ሥራ ከሆነ ገንዘቡን ለሊብራው መጨመር ያዋጣል። ኢፐብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፔፐርዋይቱ ይበቃል እል ነበር።

መቁረጫው ላፕቶፕ ላይ ኬ2ፒዲኤፍኦፕት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራል፤ ህዳጉን ራሱ ለይቶ ይቆርጣል። ኮቦ ላይ ከሆነ ኮሪደር የሚባለውን ነፃ የንባብ ፕሮግራም መጫን ይቻላል፤ እሱ ውስጥ ህዳግ መቁረጫውም፣ ኮንትራስት መጨመሪያውም፣ ማጋደሚያውም አለ። ኪንድል ላይ ኮሪደርን ለመጫን መጀመሪያ የሶፍትዌር ቁልፉን መስበር ስለሚያስፈልግ ለጀማሪ አልመክረውም።

በስልክ ካሜራ የተነሣ ገጽ ሌላ ጣጣ አለው። ስክሪኑ የሚያሳየው 16 የግራጫ ደረጃ ብቻ ነው። የገጹ ጥላ፣ የእጅ ጥላና የወረቀቱ ብጫታ እዚያ ላይ ሲደርሱ የተበጫጨቀ ግራጫ ይሆኑና ፊደሉን ይውጡታል። ስካን ሲደረግ ከመነሻው ጥቁርና ነጭ የሚለው ይመረጥ፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ከሆነ የስካን ጥራቱ 300 ዲፒአይ እንዲሆን ይጠየቅ። ሥዕል ያለበት ገጽ ብቻ በግራጫ ይቅር።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ኪቶ ያለው ላይ አንድ ልጨምር። የቆዩ የአማርኛ ፒዲኤፎች ብዙዎቹ ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል ኮድ ከመለመዱ በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፉ ናቸው። ፒዲኤፉ ሲከፈት ፊደሉ ደህና ይታያል፤ ፎንቱ አብሮት ስላለ ነው። ካሊበር በሚባለው ፋይል መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ኢፐብ ሲቀየር ግን የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝባዝንኬ ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን የስክሪኑ ጥፋት ያደርገዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ላፕቶፕ ላይ አንድ ቃል ኮፒ አድርገሽ ሌላ ቦታ ለጥፊው። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ይቀየራል፤ ዝባዝንኬ ከሆነ በፒዲኤፍነቱ ቆርጠሽ ማንበብ ነው።

ሕርማታ፦
ሁላችሁም ስለ ጥቁርና ነጭ ነው የምታወሩት። ባለ ቀለሞቹን፣ ኮቦ ሊብራ ከለርን የመሳሰሉትን፣ ለምን አታነሷቸውም? አዲስ ናቸው፣ ፎቶም ያሳያሉ።

መብራት_የለም፦
ሕርማታ ወንድሜ፣ አዲስ መሆናቸው ለጽሑፍ ይሻላሉ ማለት አይደለም። በኮቦዎቹ ላይ ያለው ፓኔል ካሌይዶ 3 ይባላል፤ በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፓኔል ላይ የቀለም ማጣሪያ ተነጥፎበት ነው። ጽሑፉ 300 ፒፒአይ ሲሆን ቀለሙ ግን 150 ነው። ማጣሪያው ብርሃን ስለሚቀንስ ብርሃኑ ሲጠፋ ገጹ ከጥቁርና ነጩ ይልቅ ጠቆር ይላል፤ ስለዚህ ቀን ሳይቀር ብርሃን ይበራል፣ ባትሪም ቶሎ ያልቃል። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ነጩ ላይ ደቃቅ የወንፊት ጥልፍ ያያል። የአካል ክፍል ሥዕል፣ የአገር ካርታ ወይም ባለ ቀለም ግራፍ ለሚያጠና ተማሪ ይጠቅመዋል። ለድርሰት አይረባም። የኪንድል ባለ ቀለሙ ከለርሶፍት ደግሞ በ2024 መጨረሻ እንደወጣ በመጀመሪያዎቹ ላይ ከታች ጠርዝ ቢጫ መስመር ይታይ ነበር፤ ያገለገለ ለሚገዛ ይህንን ማየት ነው።

አጂፕ_ሰፈር፦
ሻጩ ጋ ሄጄ ምን ምን ልይ? በሩ ላይ ቆሞ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚቻለውን ብቻ ንገሩኝ።

ኪቶ_ፉርዲሳ፦
አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ተዘጋጅተሽ ከሄድሽ። ቤት ሳለሽ በዎርድ አራት ገጽ ፒዲኤፍ ሥሪ፦ አንዱ ባዶ ነጭ፣ አንዱ ድፍን ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ፣ አራተኛው ላይ «ኪኬ ሊሌ ቢቤ ሰሸ ተቸ ዘዠ ጯጿ» በ8፣ በ10 እና በ12 ነጥብ ይጻፍ። የገጹን መጠን 9 በ12 ሴንቲ ሜትር አድርጊው፤ ኤ4 ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንስና ፈተናው ይበላሻል። ላፕቶፕና የዳታ ኬብል ያዢ። ከገበያ የሚገዛ ርካሽ ኬብል አንዳንዱ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ መሣሪያው ላፕቶፑ ላይ ካልታየሽ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው እሱን ነው።

ስክሪኑ ላይ ሥዕል መኖሩ እንዳያታልልሽ። ኢ-ኢንክ ምስል ለመያዝ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ባትሪው የሞተ ኪንድልም የመጨረሻውን ሥዕል እንደያዘ ይቀመጣል። አስበሪው፣ ገጽ ግለጪ፣ ምላሹን እዪ።

ነጩ ገጽ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ወይም የማይንቀሳቀስ ጭረት ካለ ፓኔሉ ተጎድቷል። ጥቁሩ ገጽ ላይ ነጭ መስመር ካለም ያው ነው። የብዙዎቹ ፓኔል የታችኛው ንጣፍ ስስ መስታወት ነው፤ ላዩ ጭረት ሳይኖረው ውስጡ ሊሰነጠቅ ይችላል። አውቶቡስ ላይ በተጨናነቀ ሻንጣ ተጭኖ የመጣ መሣሪያ እንዲህ ይሆናል። ግራጫው ገጽ ላይ ደመና የመሰለ ነጠብጣብ ካየሽ ተጭኗል ወይም እርጥበት ነክቶታል።

ከዚያ ጨለማ ያስፈልጋል። የሱቁ ጥግ ካልጨለመ ጃኬት ሥር አስገቢው። ነጩ ገጽ ላይ ብርሃኑን ጫፍ አድርሺው፣ ቀጥሎ እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጊው። ብርሃኑ ጫፍ ሲደርስ እንደ ኮከብ የሚያበሩ ነጥቦች ከታዩ የብርሃን ንጣፉ ተጭሯል ወይም አቧራ ገብቶበታል፤ አንድ ሁለቱ ቢሆን ዋጋ ማስቀነሻ ነው፣ ብዙ ከሆነ ተዪው። ዝቅ ሲል የገጹ አንድ ወገን ጨልሞ ሌላው ከበራ የሞተ ኤልኢዲ አለ። ሊብራው ላይ ቢጫውንም ለብቻው ሞክሪው።

በመጨረሻ ጣትሽን ከጥግ እስከ ጥግ እየጎተትሽ ንኪው፤ ኪንድል ከሆነ ደግሞ ሻጩ ከአካውንቱ አንቺ እያየሽ ይውጣ።

የተሰነጠቀ ፓኔልን «እናስቀይረዋለን» ቢሉሽ አትስሚ። የስልክ ጥገና ቤት የቻርጅ ሶኬት ይቀይራል፣ ባትሪም ይቀይራል። ለጥ ያለ ስክሪን ግን ፓኔሉ፣ የብርሃን ንጣፉና መንኪያው አንድ ላይ የተጣበቁ ናቸው፤ መለዋወጫው ብቻውን የመሣሪያውን ዋጋ ይጠጋል።

ሕርማታ፦
በፎቶ ተነሥቶ የሚላክ ማወዳደሪያስ ይታመናል? ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ሁሉ ያንጸባርቃል።

መብራት_የለም፦
የስልክ ካሜራ ነጩን በራሱ ያስተካክላል፤ አመዱንም ቢጫውንም ነጭ ያስመስለዋል። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ፎቶ ውስጥ ካልሆኑ ከንቱ ነው። በአካልም ቢሆን ሰው የሚስተው አለ፦ የኪንድሉ «መጠን 4» የኮቦው መጠን 4 አይደለም። አንድ ፋይል፣ አንድ ፎንት ይሁን፤ የአንዷን ፊደል ቁመት በማስመሪያ ለክቶ ማስተካከል ነው። ብርሃኑ ጠፍቶ መስኮት አጠገብ ይታዩ፣ ከዚያ ብርሃኑ በርቶ ጨለማ ውስጥ።

አጂፕ_ሰፈር፦
ፎንቱ ላይስ? አማርኛው ቀጭን ሆኖ ይደበዝዛል የሚሉ አሉ።

ፊደል_ቆጣሪ፦
ይደበዝዛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፎንቱ ነው። ለወረቀት የተሠራ ቀጭን ፎንት ህትመት ላይ ቀለሙ ስለሚዘረጋ ይደምቃል፤ ኢ-ኢንክ ላይ ቀለም አይዘረጋም። አቢሲኒካ ቅርጹ ያማረ ነው፣ ለዚህ ስክሪን ግን ይሳሳል። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በየውፍረቱ ተለይቶ በነፃ ይገኛል፤ «ሬጉላር» የሚለውን ትተሽ «ሚዲየም» የሚለውን ጫኚ። ብርሃን አጥፍቶ ለሚያነብ «ሰሚ ቦልድ» ይሻላል። ከዚያ አልፎ ቦልድ ከሆነ ያቺው የኬ ቀለበት ተመልሳ ትሞላለች።

አጫጫኑ፦ በኬብል ካገናኘሽ በኋላ ኪንድል ላይ «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ፋይሉን መክተት ነው፤ ኮቦ ላይ ፎልደሩ ከሌለ ራስሽ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ፍጠሪው። ነቅለሽ ስትከፍቺው ከፎንት ዝርዝሩ ውስጥ ይመረጣል። ፊደሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ ከታየ የተመረጠው ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነው፤ ፋይሉ አልተበላሸም። የመስመር ክፍተቱን ከእንግሊዝኛው አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጊው፤ የእኛ ፊደል ሁሉም ቁመቱ ስለሚቀራረብ መስመሮቹ ይጣበቃሉ።

ቁቤ_ብቻ፦
ዝናቡን ማንም አላነሣውም። ጅማ ላይ ከዓመቱ አብዛኛው እርጥብ ነው። ከሦስቱ ተራው ኪንድል ውሃ አይችልም፤ የ2018 ፔፐርዋይትና ሊብራ 2 አይፒኤክስ8 ናቸው፤ ውሃ ይችላሉ ማለት ነው። ያ ግን አዲስ ሳለ ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍቶ የተጠገነ ከሆነ እንደማይችል ቁጠሩት። የረጠበ የቻርጅ ቀዳዳ ላይ ኬብል አይሰካም፤ ሶኬቱን የሚበላው እሱ ነው።

አጂፕ_ሰፈር፦
የመጨረሻ ጥያቄ። ፔፐርዋይቱ ላይ ገጽ ሲገለጥ የፊተኛው ገጽ ፊደል እንደ ጥላ ይቀራል። ሻጩ «የሁሉም ነው» ብሏል። ፓኔሉ አርጅቶ ነው?

ኪቶ_ፉርዲሳ፦
ሻጩ ግማሽ እውነት ነው የነገረሽ። ባትሪ ለመቆጠብና ብልጭታውን ለመቀነስ መሣሪያው በየገጹ ሙሉ በሙሉ አያድስም፤ ብናኞቹ ቦታቸውን ሳይለቁ ስለሚቀሩ ጥላው ይታያል። ኪንድሉ ላይ ከሴቲንግ፣ የንባብ ምርጫዎች ውስጥ ገባ ብለሽ «ፔጅ ሪፍሬሽ» የሚለውን አብሪው። ኮቦ ላይ በየስንት ገጹ እንደሚታደስ የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ለስካን ፒዲኤፍ በየገጹ፣ ለኢፐብ በየስድስቱ ገጽ ይበቃል።

ይህን አድርገሽ የማብሪያውን ቁልፍ 40 ሰከንድ ተጭነሽ ዳግም አስነሺው፤ ከዚያ ጥቁሩንና ነጩን ገጽ አምስት ስድስት ጊዜ አፈራርቂ። ጥላው ከጠፋ ጤነኛ ነው። ነጩ ገጽ ላይ ያው ጽሑፍ ያው ቦታ ላይ ከቀረ ፓኔሉ ሄዷል፤ ዋጋ ተቀንሶም አትውሰጂው።